በአውሮፕላኗ ጭራ ውስጥ

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ የምነግራችሁ በራሴ የደረሰውን ነው።

ኅዳር 1970 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ሰባታሚት፣ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ...

ያኔ ባሕር ዳር ፋብሪካ ቀለም ቀቢ ነበርሁ። ጓደኛዬ አዘዘ ከአየር ኃይል የወጣ መካኒክ ነው። የሚስቱ የሰገነት ወንድም በደርግ ሰዎች ከተገደለ ወዲህ ተራው የሷ እንደሆነ አውቋል። እናም ሱዳን የሚሻገሩባት፣ ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ዓመት ሙሉ በድብቅ ሲሠራ ከረመ።

ክንፏ ገና አልተገጠመም። የጣና እርጥበት አልሙኒየሙን እንዳይበላው መጀመሪያ አረንጓዴውን አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያውን ቀለም፣ መቀባት አለበት አለኝ። ውጩን ነገ፣ ዛሬ የጭራውን ውስጥ ቀባልኝ አለ።

ብሩሽና ጣሳ ይዤ፣ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣ በደረቴ እየተሳብሁ ገባሁ። ላሜራው ትከሻዬን ግራና ቀኝ ያዘኝ። መዞር አይቻልም።

ከውጭ መኪና ቆመ።

አዘዘ በእግሬ በኩል ጎንበስ አለ።

«መጡ» አለ በሹክሹክታ። «እንዳትተነፍስ።»

የገባሁበትን ቀዳዳ መዝጊያ ገጠመው። ብሎኖቹን አንድ... ሁለት... አራቱንም አጠበቀ።

ባትሪዬን አጠፋሁ።

ሰዎቹ ገቡ። የሚሠራው ምን እንደሆነ ጠየቁት። ጀልባ ነው አላቸው። ሚስቱ የት እንዳለች ጠየቁት። አላውቅም አለ። በጥፊ ሲመቱት ሰማሁ። ይዘውት ወጡ፤ በሩ ከውጭ ተቆለፈ፤ መኪናው ሄደ።

መዝጊያውን በእግሬ ገፋሁት። ንቅንቅ አላለም። የቀለሙ ሽታ ጉሮሮዬን ያቃጥላል። ዘበኛ ትተው እንደሆነ ብዬ መጮህም ፈራሁ።

ከዚያ ሰማሁት።

ሽር... ሽር...

ከአውሮፕላኗ አፍንጫ በኩል፣ ከውጭ፣ ላሜራው ላይ ብሩሽ ይጎተታል።

የነበረን ብሩሽ አንድ ነው። እሱም በእጄ ነው።

«አዘዘ?» አልሁ ቀስ ብዬ።

ቆመ።

ሽር... ሽር...

ወደ እኔ መጣ። በጎኔ አለፈ... ተመለሰ... ጆሮዬ ጋ ሲደርስ ዝም አለ።

ከላሜራው ማዶ የሆነ ነገር ይተነፍሳል።

ትንፋሼን ያዝሁ።

እሱም ያዘ።

ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆየን አላውቅም። በኋላ ቁልፍ ጮኸ፤ ብሎኖቹ ተፈቱ፤ እግሬን ጎትታ ያወጣችኝ ሰገነት ናት። ሲወስዱት ከጎረቤት ሆና አይታለች፤ እኔ ጭራውን ልቀባ እንደገባሁም ታውቃለች። በራሷ ቁልፍ ነው የገባች።

አዘዘ ከዚያ ቀን ወዲህ አልታየም። እሷ በማግስቱ በታንኳ ወደ ዘጌ ተሻግራ ነፍሷ ተረፈች።

ያን ጊዜ ግን መጋዘኑ ውስጥ ቆማ አውሮፕላኗን ታያለች።

«ማነው የቀባው?» አለች።

ዞርሁ።

ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ አረንጓዴ ሆናለች። ቀለሙ አልደረቀም፣ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

አንድ ቦታ ብቻ ሳይቀባ ቀርቷል። ተኝቼበት በነበረው ጎን፣ በእኔ ጆሮ ትክክል... የሰው ጉንጭና ጆሮ የሚያህል።

ሰገነት መዳፏን አስጠጋችበት። ወዲያው ሰበሰበችው።

«ይሞቃል» አለች።