የስቶይል ካፖርት

ስቶይል ሞቶ የተገኘው በሩሴ ከተማ የቤት አልባዎች መጠለያ ግቢ ውስጥ፣ በበረዶ ላይ፣ በሸሚዝ ብቻ ነበር። ክረምት ከበጋ ከትከሻው የማይወርደው ካፖርቱ ግን የለም።

ኢንስፔክተር ቦያና ሬሳውን አይታ ስታበቃ ወደ ምድጃው ክፍል ገባች። ሦስት ሰዎች ይጠብቋታል። አንዷ የሟች እህት ኢልካ ናት፤ አእምሮው ታሞ ለዓመታት የጠፋባትን ወንድሟን ቤቷ ልትወስደው ገና ከባቡር መውረዷ ነው።

«ሌባ ነው!» አለ ኦግኒያን፣ በፈቃደኝነት ሌሊቱን በር የሚጠብቀው ጡረተኛ። «እዚህ ቤት ጫማህን ካላሰርከው ጥሎህ ይሄዳል።»

«እርስዎስ የት ነበሩ ጋሼ?»

«ዓይኔ ይጥፋ፣ እንቅልፍ ጣለኝ።»

«ኧረ ምኑ ይሰረቃል!» አለች ራዳ፣ በነፃ ወጥ የምትሠራላቸው ሴት። ዓይኗ በልቅሶ አባብጧል። «ገበሩ እንኳ ተቦጫጭቆ ያለቀ ካፖርት!»

ቦያና ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄደች። ደረቅ የዳቦ ቅርፊት፣ የርግብ ላባና ቁልፎች በጋዜጣ ላይ ተደርድረዋል። ወጥታ ጓዳ ጓዳውን ዞረችና ተመለሰች።

«ሌባ የኪስ ፍርፋሪ ጋዜጣ ላይ አይደረድርም» አለች። «ኪስ አራግፎ ያለውን የሚያስቀምጥ፣ ልብስ የሚያጥብ ሰው ነው። ስቶይል ደግሞ በበጋ ቃጠሎ እንኳ አያወልቅም። ገበሩን ማን ሊያይ ይችላል? የገፈፈው ብቻ። ካፖርቱ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተሰቅሎ ይንጠባጠባል። መድኃኒቱን ውጦ ድብን ብሎ ሲተኛ አወለቁት፣ እትዬ ራዳ። ነቅቶ ሲያጣው ሊፈልገው ወጣ። በሩ ከውጭ አይከፈትም። አንኳኩቶ ይሆናል፤ የሚሰማው አልነበረም።»

ኦግኒያን ፊቱን በቆቡ ሸፈነ።

«እኔው ነኝ!» አለች ራዳ ደረቷን እየደቃች። «ሳይነቃ የሚደርቅልኝ መስሎኝ! በእጄ አብልቼ በእጄ ገደልኩት!»

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አለች ቦያና። «ይህን ሁሉ ጊዜ ካፖርትህ ይታጠብ ብለው አስገድደውት አያውቁም። ትናንት ምን ነካዎት?»

ራዳ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «እንዲሁ ነው። የራሴ ጥጋብ ነው።»

«አይዋሹልኝ እትዬ ራዳ።» ኢልካ ከወንበሯ ተነስታለች። «በስልክ የነገርኩዎት እኔ ነኝ። ባቡር ላይ ሰው እንዳይሸሸን፣ አጥባችሁ ጠብቁኝ አልኩ። በወንድሜ አፈርኩበት።»

ኢልካ ወጥታ ካፖርቱን ከነውሃው አቅፋ መጣችና ሬሳው ወዳለበት ግቢ ወደሚያወጣው በር አመራች።

ቦያና «ኤግዚቢት ነው፣ አይነካም» ልትል አፏን ከፈተች።

«በርዶታል» አለች ኢልካ። «ልደርብለት።»

ቦያና በሩን ከፈተችላት።