አርባ ደቂቃ በአሲድ ውስጥ

«አምስት ሰዓት ተኩል» ብላ ጻፈች። የግድግዳው ሰዓት ግን ስድስት ሰዓት ከአሥር ይላል።

በቤትም በትምህርት ቤትም «ሬዲዮ» ነው የሚሏት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ያወራችው ወሬ ግን ለመቶ ዓመት ሽማግሌ ይበቃል። ስልክ ከያዘች እናቷ የምትሠራበት ፋብሪካ ከነጭስ ማውጫው ተነቅሎ ቢሄድ እንኳ የጀመረችውን ሳትጨርስ ቀና አትልም።

እናቷ የአልኮል ፋብሪካው የእርሾ ክፍል ኃላፊ ናት። እዚያ እርሾ አንዱን ታንከር ሞላሰስ ወደ አልኮል ከለወጠ በኋላ አይጣልም፤ ተሰብስቦ ለሚቀጥለው ይውላል። በመካከሉ ግን አብረውት የገቡት ባክቴሪያዎች እንዲሞቱ በቀዝቃዛ አሲድ ይታጠባል። ሁለት ሰዓት ብቻ። ከዚያ ካለፈ እርሾውም አብሮ ሊያልቅ ይችላል።

ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ሬዲዮ እናቷን ተከትላ መጥታለች። ረፋዱ ላይ እናቷ ለተበላሸ ፓምፕ ተጠራች። «አምስት ተኩል ሲሆን አረንጓዴዋን ቁልፍ ተጫኚ፤ የአሲዱን ኃይል የሚሰብረው ፈሳሽ ራሱ ይገባል። ሰዓቱን መዝግቢ። ሌላ ምንም እንዳትነኪ!» ብላት ወጣች።

ሬዲዮ ቁልፏን የተጫነችው አርባ ደቂቃ ዘግይታ ነው።

«አለቀልኝ!» አለች በስልኩ። «ስንት ቢሊዮን ነፍስ ፈጀሁ!»

«ኧረ ተረጋጊ፣ እርሾ ነው እንጂ ሰው አልገደልሽም» አለቻት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ የሆነችው ጉንጬ። «አምስት ተኩል ብለሽ ጻፊና ላሽ በይ። ማን አየሽ?»

ጻፈችው።

እናቷ ዘይት የነካውን እጇን በጨርቅ እየጠረገች ገባች። መዝገቡን አየችና ፊቷ በራ። «ጎሽ የኔ ልጅ! እኔ እኮ በወሬ ትረሺዋለሽ ብዬ ስሳቀቅ ነው የዋልኩት።» ወዲያው የክፍሉን ስልክ አነሳችና ታንከሮቹን የሚከፍተውን ሠራተኛ ጠራች። «እርሾው ደርሷል፤ ሦስት ቁጥርን...»

ሦስት ቁጥር ባለ ሦስት ፎቅ ቤት የሚያክል ታንከር ነው። የሞተ እርሾ ከገባበት ያ ሁሉ ሞላሰስ የባክቴሪያ ቀለብ ይሆናል፤ ተጠያቂዋም እናቷ ናት። ሬዲዮ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች።

«እማ፣ እንዳይከፍተው! የተጫንኩት ስድስት ከአሥር ላይ ነው። የጻፍኩት ውሸት ነው።»

«ቆይ፣ እንዳትከፍት» አለች እናቷ በስልኩ። ከዚያ እስክሪብቶ አቀበለቻት። ሬዲዮ ሰዓቱን ሰርዛ እውነተኛውን እስክትጽፍ ድረስ ቆማ ጠበቀቻትና እርሾው ካለበት ታንክ ጠብታ ቀዳች፣ ሰማያዊ ቀለም ጨመረችበት፣ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባችው።

«ሰማያዊ የሆነው ሙት ነው። በሕይወት ያለው ቀለሙን ያጠፋዋል። ቁጠሪ።»

ሬዲዮ ቆጠረች። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ፣ አንድ ሰማያዊ፣ እንደገና ነጭ... ከመቶው ሰማያዊ የሆኑት ስምንት ብቻ። እናቷ ሌላ ጠብታ ቀድታ ራሷ ቆጠረች፤ ዘጠኝ።

«ተርፈዋል» አለችና አጥንቷ የወጣ ይመስል ወንበሩ ላይ ዝርግት አለች። ሬዲዮ አቀፈቻት። ሁለቱም ሳቁ፣ ሬዲዮ እያለቀሰች።

«አርባ ደቂቃ ትርፍ! እንዴት ቻሉት?»

«ብርዱ አግዟቸዋል። ደግሞ አሥራ አንድ ጊዜ ታጥበው ያለፉ ናቸው፤ ደካሞቹ ድሮ አልቀዋል። እያንዳንዷ ሕዋስ ሽፋኗ ላይ ፓምፕ አላት፤ የገባውን አሲድ እየገፋች ታስወጣለች። ግን በነፃ አይደለም፤ ስንቃቸውን ጨርሰዋል። አሁን ሥራ ብንሰጣቸው ይዝላሉ።»

«እንደ እኔ ከፈተና በኋላ?»

«አንቺማ ከፈተና በፊትም እንደዚያው ነሽ።»

እርሾውን ወደ ትንሿ ታንክ አዛወሩት፤ አየርና ትንሽ ስኳር ተሰጠው። ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ በታንኩ የመስታወት መስኮት አጎንብሳ ስታይ አረፋ መነሳት ጀምሯል። በዓለም ላይ እንደዚያ የሚያምር አረፋ ተነስቶ አያውቅም!

ሦስት ቁጥር ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ያለ ሥራ ቆመ። ድምፁ ከቦይለሩ የሚበልጠው ተረኛ መሐንዲስ ደግሞ የብረቱን ደረጃ እየረገጠ ሲወጣ ይሰማል።

«በኋለኛው በር ውጪና ምሳሽን ብዪ» አለቻት እናቷ። «ጥዬሽ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ እኔ እመልሳለሁ።»

ስልኳ ተንጫረረ። ጉንጬ ናት፦ «እ? ተነቃብሽ?»

ሬዲዮ ስልኩን ዘጋችው። የኋለኛውን በር አየች። ከዚያ ወንበር ስባ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሦስት ቁጥር ለምን ቆመ?» አለ መሐንዲሱ ገና በሩን ሳይዘጋ።

እናቷ አፏን ልትከፍት ስትል ሬዲዮ ቀድማ ተነሳች።