መስመሩ አለ ብለህ ቁጠር

ይህ የሆነ ነገር ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም፤ እንዲያውም ለአንባቢ ይከብዳል ብዬ የቀነስኩት አለ።

ባለፈው ዓመት፣ ጥር ውስጥ ነው። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሞጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጨለማ የለም፣ የሚጮኽ አውሬ የለም። ያለ ጨለማ አልፈራም የምትሉ ካላችሁ እዚሁ ላይ እንሰነባበት።

የነገረችኝ ራሷ ስርጉት ናት። ቢቸና ኤሌክትሮኒክስ ታስተምራለች።

እናቷ ወይዘሮ አስናቀች የምትኖረው ሞጣ ነበር፣ ከስርጉት ወንድም ከሐብታሙ ጋር። የልብ ሕመምተኛ ነበረች። ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ ወድቃለች።

ስርጉት ሥራዋን ጥላ መሄድ አልቻለችም። ስለዚህ የእናቷን የልብ ምት የሚቆጥር መሣሪያ ሠራች። ጣት ላይ የሚቆነጥጥ ነገር አለው፤ ሌላው አካሉ እንደ ሰዓት እጅ ላይ ይታሰራል። ውስጡ ማይክሮኮንትሮለር የሚባል ትንሽዬ ኮምፒውተርና ሲም የሚገባበት አንድ ገመድ አልባ ሞጁል አሉ። አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ይልካል። ቁጥሩ በየደቂቃው ቢቸና ድረስ ስልኳ ላይ ይመጣል።

ሁለቱ እንዲነጋገሩ በመሀላቸው ኢተርኔት ትራንሲቨር የሚባሉ ቺፖች ይገባሉ፤ በየወገኑ አንድ። ሥራቸው እንደ አስተርጓሚ ነው። ግን ባትሪ ይጨርሳሉ፣ ይግላሉም፤ የእናቷን እጅ ፋጁት።

«ጎን ለጎን ለተቀመጡ ጎረቤታሞች ምን አስተርጓሚ ያስፈልጋል?» አለች ስርጉት። ሁለቱንም ነቀለቻቸው። የአንዱን መላኪያ ከሌላው መቀበያ ጋር በቀጥታ በየደችው።

ሠራ። ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለ... በዚያኛው ወገን ሰሚ አለ ወይስ የለም የሚለውን የሚናገረው ትራንሲቨሩ ነበር። እሱ ሲወጣ ተናጋሪ ጠፋ። ስለዚህ ፕሮግራሙ ላይ አንዲት ትእዛዝ ጨመረች።

መስመሩ አለ ብለህ ቁጠር። ሁልጊዜ።

ከዚያች ቅዳሜ በፊት ሰኞ ዕለት ማይክሮኮንትሮለሩ ሥራ አቆመ። ሞጁሉ ግን አላወቀም። የመጨረሻዋን ቁጥር፣ 68ን፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ደጋግሞ ላከ።

ስርጉት ለሐብታሙ ደወለች። «አጥፍተህ አብራው። ደግሞ ይሄን ነገር አትመነው፤ ሰው ቢሞትም ይቆጥራል» አለችው እየሳቀች።

ሐሙስ ማስተካከያ በስልክ ላከች፤ ምቱ ሲቋረጥ በቁጥር ፋንታ ባዶ ሰረዝ እንዲያሳይ። «ደረሰኝ» የሚል መልስ ግን አልመጣላትም። አልገባም ማለት ነው ብላ ተወችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሐብታሙ ደወለ።

«ስርጉት... እማዬ አረፈች።»

ጎረቤት ተሰብስቦ አፍንጫዋ ላይ መስተዋት አስጠግቷል። መስተዋቱ አልደበዘዘም።

ስርጉት ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው። 61 ይላል። ምርር ብላ አለቀሰች።

ደብረ ወርቅን አልፋ ሞጣ ስትደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። አስከሬኑ ተገንዞ አልቋል። ከገነዟት ሴቶች አንዷ፣ እማማ ፈንታነሽ፣ እጇን ይዘው ወደ ጓዳ ሳቧት።

«ልጄ... እጇ አልቀዘቀዘም እኮ።»

«ሙቀቱ ነው እማማ። ቆርቆሮ ቤት ነው።»

«ያ የጣቷ ነገር እንቢ አለን። ጣቷ አብጧል። እንዳለ ገነዝናት።»

«ይሁን።»

ሐብታሙ በትከሻዋ በኩል ስልኳን አየ። 61።

«ነርሱን ይታገስን ልጥራው?» አለ በሹክሹክታ።

«ለምን?»

«ይቆጥራላ።»

«ነገርኩህ እኮ። የሠራሁት እኔ ነኝ። ሲዋሽ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም።»

ሐብታሙ ወደ ለቀስተኛው ተመለሰ። እሱ ወፍጮ ቤት ነው የሚውለው፤ እሷ የተማረች ናት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍትሐቱ አለቀ። የሬሳ ሣጥኑ በገመድ ሲወርድ ስልኩ እጇ ውስጥ ነዘረ።

64።

መሣሪያው ሲዋሽ ቁጥሩ ይደጋገማል እንጂ አይቀየርም። ይህን ስርጉት አሳምራ ታውቃለች።

ሐብታሙ ጆሮዋ ሥር ተጠጋ። «ተቀየረ...»

«ሽቦው ሲናወጥ ነው።»

«ስርጉት...»

«ሰው ፊት አታዋርደኝ።»

አፈሩ መውረድ ጀመረ።

71።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያች ሰዓት ተጠራጥራለች። ራሷ ነግራኛለች። ግን «አቁሙ» ብላ ብትሳሳትስ? ያ ሁሉ ለቀስተኛ ዕድሜ ልኳን እብድ ሊላት ነው። ይህን ፈራች። ከእናቷ ስሟን አስቀደመች፣ እኔም ይህን ፊቷ ላይ ነግሬያታለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጣለች።

97... 118...

የመልእክቶቹን መዝገብ ከፈተች። የሐሙሱ ማስተካከያ ገብቷል። ያኔውኑ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ። የጠፋው መልሱ ብቻ ነበር።

መሣሪያው ከሐሙስ ጀምሮ አንድም ቀን አልዋሸም፤ ምቱ ቢቆም ሰረዝ ነበር የሚያሳየው።

ክው አለች።

134።

ሮጠች። ሐብታሙ ከኋላዋ። ቄስ ዘመነን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኟቸው።

«ልጄ፣ መቃብር እንዲህ በቀላሉ አይከፈትም» አሉ። «ሐዘኑ ነው የሚያናግርሽ።»

እግራቸው ላይ ወደቀች። እሳቸው ሲያመነቱ፣ ሽማግሌ ሲጠራ፣ ሲመከር ሃያ ደቂቃ አለፈ።

152።

ዶማና አካፋ እስኪመጣ...

90።

33።

አፈሩ ግማሽ ሲደርስ ስልኩ ባዶ ሰረዝ አሳየ።

ክዳኑ ሲነሣ የእናቷ ግራ እጅ ከመግነዙ ወጥቷል። ጥፍሮቿ ሥር የሣጥኑ ጨርቅ ክር አለ። እማማ ፈንታነሽ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ተጠርቶ የመጣው ነርሱ ይታገስ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። አንገቷን ዳሰሰ፣ ደረቷን አዳመጠ፣ ዓይኗን ገልጦ በባትሪ አየ። አልቸኮለም። አንዴ ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው አየ።

«አሁን አርፋለች» አለ።

አሁን...

ስርጉት አፈሩ ላይ ተቀመጠች። የሚያነሣት አልነበረም።

ቄስ ዘመነ አማተቡ። ከዚያ «መልሱት» አሉ ቀስ ብለው።

ሐብታሙ ዕንባውን ሊጠርግ መሐረቡን ከኪሱ ሲስብ አንድ ነገር አብሮ ወደቀ። ስርጉት አነሣችው።

ገመድ አልባው ሞጁል ነው።

«ይሄ... እዚህ ምን ይሠራል?»

«መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ሴቶቹ ፈሩ። መብራት ብቻ መስሎኝ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት።»

«መቼ?»

«ሲገንዟት። ጠዋት፣ አንቺ ሳትመጪ።»

አገላብጣ አየችው። ሲሙ ውስጡ ነው። ባትሪ ግን የለውም፤ ሽቦዎቹ ተበጥሰዋል። ከጠዋት ጀምሮ ከዚያ እጅ ላይ ቁጥር የሚልክ ምንም ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያው አካፋ አፈር ክዳኑ ላይ አረፈ።

ስልኩ ነዘረ።

12።

ሁለተኛው አካፋ። ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

47።

ሐብታሙ አየ። ይታገስም አየ። ዓይናቸውን ስርጉት ላይ ተክለው ጠበቁ፤ የሠራችው እሷ ናት።

«ውሸት ነው» አለች።

ስልኩን ገልብጣ ከነጠላዋ ሥር ሆዷ ላይ ያዘችው። አፈር በወደቀ ቁጥር ይነዝራል።