የባሩድ ቤቱ መስታወት

ከላንግር ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ አንድ አሮጌ ምሽግ አለ። የመመረቂያ ጽሑፌን ስለ እሱ እሠራ ስለነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ከሚጠግኑት ሰዎች ጋር ተቀላቀልኩ። ጋስፓር ግንበኛችን ነበር።

«ከዩኒቨርሲቲ የመጣሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«ነኝ።»

«አካፋ በየት በኩል እንደሚያዝ ላሳይሽ?»

«አንተ ይህ ምሽግ ለምን እንደተሠራ ታውቃለህ?»

አላወቀም፤ ነገርኩት። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አገራችን በጀርመኖች ከተሸነፈች በኋላ ነው የተሠራው። የድንጋይ ቅስት ጣራ አቁመው፣ አፈር ቆልለውበት፣ ዙሪያውን ጥልቅ ጉድብ ቆፈሩለት። ብዙ ሳይቆይ ድንጋዩን የሚፈረካክስ አዲስ የመድፍ ጥይት ወጣ። ምሽጉ አንዴም ሳይተኩስ አረጀ።

«እንደ ሙሴ ፔርኖ» አለ፣ ጡረተኛውን ሻምበል፣ የቡድናችንን መሪ እያየ።

«ሰምቻለሁ፣ አንተ ወሮበላ» አሉ ሙሴ ፔርኖ።

እኔና ጋስፓር ሁለት በጋ አብረን ሠራን። ዳቦና አይባችንን ሣር በለበሰው ጣራ ላይ ተቀምጠን እንበላለን። አንዳንዴ ዝም ብሎ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ። ከዚያ ያለፈ አልተነጋገርንም።

በሁለተኛው በጋ መጨረሻ ሊዮን ከተማ ውስጥ ቋሚ ሥራ አገኘ። ሁሉም ሰምቷል። እኔ እስኪያማክረኝ ጠበቅሁ።

የመድፉ ባሩድ ይከማችበት ወደነበረው ባሩድ ቤት እሳት አይገባም። ፋኖሱ የሚቀመጠው በግድግዳው መስኮት፣ ከወፍራም መስታወት ጀርባ ሲሆን፣ ፋኖስ ለኳሹም በሌላ ጠባብ መተላለፊያ ነው የሚመጣው። መስታወቱን በአዲስ የተካን ዕለት ጋስፓር ሊሞክረው ፋኖስ ይዞ በዚያ መተላለፊያ ዞረ። እኔ ውስጥ ቆምኩ።

ፊቱ ከመስታወቱ ወዲያ ታየኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አይሰማም። ብርሃኑ ይደርሰኝ እንደሆነ የጠየቀኝ መስሎኝ፣ አዎ ለማለት ራሴን ደጋግሜ ነቀነቅሁ። ጥቂት አየኝና ፋኖሱን ይዞ ሄደ።

ሰኞ ሊዮን ገባ። ሳያማክረኝ ሄደ ብዬ ተናደድኩ፤ አልደወልኩም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ምሽጉ ለጎብኚ ሲከፈት ከሚስቱ ጋር መጣ። እሷ ከሙሴ ፔርኖ ጋር ስትጨዋወት ብቻችንን ቀረን።

«ምነው ያኔ ሳታማክረኝ ሄድክ?» አልኩት።

«ጠይቄሽ ነበር እኮ። በመስታወቱ በኩል ልሂድ ወይ ስልሽ፣ ራስሽን ነቀነቅሽ።»

«ስለ ብርሃኑ መስሎኝ ነው። ብሰማህ ኖሮ አትሂድ እልህ ነበር።»

ፊቱን ወደ ጉድቡ አዞረ። «ፊት ለፊት ልጠይቅሽ ፈራሁ» አለ።

«ከመስታወቱ እስከ በሩ እኮ ሃያ እርምጃ ነበር።»

«ላንቺም ሃያ ነበር።»

ልክ ነበር። የምሽጉን ፕላን ስንስል፣ ያንን ርቀት ሜትሩን ጫፍና ጫፍ ይዘን የለካነው እኔና እሱ ነን።