የኢተርቢየሙ ክፍል ሙቀት

ይህ በእኔው በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይተወው... ምን በወጣኝ እዋሻለሁ!

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ቦታው የምርምር ሕንፃችን ምድር ቤት።

ከታናሽ እህቴ ጋር ነው የምሠራው። ጢኒጥ እላታለሁ፣ ቁመቷ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ። እናታችን ስትሞት "አደራሽን" ብላ የሰጠችኝ እሷን ነው። ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም።

ሥራችን ሰዓት ነው። ኢተርቢየም የሚባል ብርቅዬ ብረት አለ። አተሞቹን በጨረር ይዘን ጊዜ እንለካባቸዋለን። ዕድሜ ልካችሁን ብትጠብቁት ሰዓቱ ዝንፍ አይልም... ግን ቀበጥ ነው! የሰው ገላ ሙቀት እንኳ ይረብሸዋል።

ስለዚህ አንዳችን ስንገባ ሌላችን ውጭ ሆነን ሙቀቱን በስክሪን እንከታተላለን። ስክሪኑ የሚያሳየው ከሰው ገላ የሚመጣውን ሙቀት ብቻ ነው፤ ሰው ሲጠጋው ቁጥሩ አራት ይሆናል። ሰው ከሌለ ዜሮ።

ጢኒጥ መስታወት ልታስተካክል ገባች። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ ግንባሯ ላይ ባትሪ አስራለች።

አራት።

ቆይቶ... ሦስት ተኩል።

ቁጥር ሲወርድ እኛ ዘንድ ደስታ ነው። ሰዓቱ ተረጋጋ ማለት ነዋ! ከውስጥ ጋር የሚያገናኘውን የግድግዳ ስልክ አነሳሁ።

"ጎበዝ! እንደዚሁ ቀጥዪ!"

"እትዬ... ምንም አልነካሁም እኮ።"

ሦስት።

"ከሰዓቱ ራቅሽ እንዴ?"

"አፍንጫዬ ሥር ነው..." ድምጿ ተንቀጠቀጠ። "በርዶኛል።"

ሁለት ተኩል።

ያኔ ክው አልኩ። እየቀዘቀዘ ያለው ክፍሉ አይደለም... እህቴ ናት።

"ውጪ!"

"እትዬ..." አለች በሹክሹክታ። "የሆነ ሰው እጄን ይዞኛል።"

ስልኩ ተቋረጠ።

በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም። ባትሪዋ ጠፍቷል። ጢኒጥ ከጨለማው ወጣች... እቅፍ አድርጌያት አለቀስኩ።

"ዝጊው" አለችኝ። "ቶሎ ቆልፊው!"

ቆለፍኩት። ቁልፉን ከእጄ ወሰደችው። እኔ ሞኟ፣ ፈርታ ነው ብዬ ተውኩላት።

እጄን ይዛ ስክሪኑ ፊት ቆመች። እጇ በረዶ ነው።

ክፍሉ ባዶ ነው። ዜሮ ማለት ነበረበት።

ሁለት ይላል።

አንድ ነጥብ ዘጠኝ... አንድ ነጥብ ስምንት...

"ጢኒጥዬ... ቁልፉን ስጪኝ።"

ቁጥሩን እያየች ፈገግ አለች።

አንድ ነጥብ አምስት...

እጄን የያዘው እጅ ቀስ በቀስ መሞቅ ጀመረ።