ስድስተኛው ስፌት

ይኼን የሚያነብ ሁሉ "ማደንዘዣው አልለቀቃትም" እንደሚለኝ አውቃለሁ። በሉ፣ ግድ የለም። እኔ የደረሰብኝን ነው የምጽፍላችሁ... ክሩ አሁንም በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ እቤቴ አለ።

ቀን ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይ ሳሎኑን ሞልታዋለች። እኔ ከእናቴ የስፌት መኪና አጠገብ ቆሜ፣ በእጅ መስታወት አፌን እያየሁ ነበር።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር። አለዚያ አይገባችሁም።

ድዴ ስስ ነው። ከታች የፊት ጥርሶቼ ላይ እየሸሸ ሄዶ ሥራቸው ብቅ ብሎ ነበር። ቀዝቃዛ ውኃ ስጠጣ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። የጥርስ ሐኪሟ አየችኝና "ከላንቃዎ ቀጭን ሥጋ ቆርጠን ድድዎ ላይ እንሰፋለን" አለችኝ።

"ከጣሪያ ነቅላችሁ ግድግዳ ላይ ልትለጥፉ ነዋ!" ብዬ አሳቅኋት።

"የድድ መሳሳት በዘር ይወረሳል። እናትዎስ?"

"ነፍሷን ይማርና፣ እንደኔው ነበረች።"

"እህትዎስ?"

አብራኝ የመጣችው ታናሽ እህቴ ከንፈሯን ገልጣ አሳየቻት። ወፍራም፣ ጤነኛ ድድ።

"እኔንማ ከመንገድ ነው ያነሱኝ!" ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። እህቴን የወለደቻት እናቴ አይደለችም፤ አብራት ትሰፋ የነበረች ልጅ እግር ናት። ጨቅላዋን ትታ ጠፋች። እናቴ አሳደገቻት። ልትሞት ስታጣጥር እጄን ጨምድዳ ያዘችና "እናቷ እኔ ነኝ... ይኼ ነገር ካፍሽ እንዳይወጣ" አለችኝ።

ማልኩላት።

ሁለት ዓመት ቻልኩት። እህቴ "ሬዲዮ" እያለች የምትጠራኝ ሴት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ! አቤት መከራዬ!

ቀዶ ሕክምናው ደህና አለቀ። "አምስት ስፌት ነው" አለች ሐኪሟ። "ብዙ አያውሩ። ከንፈርዎን ገልጠው እንዳያዩ፤ ከተሳበ የተተከለው ሥጋ ይላቀቃል።" እህቴ መነጋገሪያ የሚሆን ደብተር ገዛችልኝ። "ሬዲዮው ለእድሳት ተዘግቷል" ብላ ሽፋኑ ላይ ጻፈችበት።

በማግስቱ ጠዋት ስልክ ተደወለ።

የእህቴ ወላጅ እናት ነበረች፤ ቁጥሬን ከእናቴ የድሮ ደንበኛ አግኝታዋለች። ሆስፒታል ተኝታለች። ድምፅዋ እንደ ተቀደደ ወረቀት ይንሿሿል።

"የቀናት ዕድሜ ነው የቀረሽ ብለውኛል... ድምፅዋን ብቻ ልስማ። አንዴ።"

መሐላዬን ተሸክሜ ሳሎኑን ከዳር ዳር ስመላለስ ዋልኩ። መቀመጫ አጣሁ። የሞተችውን ልፍራ ወይስ በሕይወት ያለችውን ልዘንላት? በመጨረሻ፣ በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ አፌን ከፈትኩ።

"ስሚ... ስለ እማዬ የምነግርሽ..."

ወጋኝ።

ከታችኛው ከንፈሬ ውስጥ፣ እንደ መርፌ። አፌ ደም ደም አለኝ።

"አታውሪ ተብለሽ የለም እንዴ፣ እትዬ!" ብላ ተቆጣችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገስኩ። ከዚያ በላይ አላስቻለኝም። መስታወቱን አንስቼ ከንፈሬን ገለጥኩ።

አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት... አምስት። ሰማያዊ ክር፣ አጠር ተደርጎ የተቆረጠ።

ስድስት።

ስድስተኛው ጥቁር ነበር። ጅራቱ አልተቆረጠም።

እናቴ የቋጠሮ ጅራት አትቆርጥም ነበር። ደንበኞቿ ቢያጉረመርሙም "ጅራቱ የተቆረጠ ቋጠሮ ይፈታል" ትላለች እንጂ አትቆርጥም። ዞር ብዬ የስፌት መኪናዋን አየሁ። ሁለት ዓመት ማንም አልነካውም፤ አቧራ ለብሷል።

እላዩ የተሰካው ጥቁር የክር ጥቅል ላይ ግን አቧራ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኩ ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ። ሐኪሟ ከንፈሬን ገለጠች። ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። ለረዳቷ በሹክሹክታ "ካርዷን አምጪልኝ" አለቻት።

ካርዱ አምስት ይላል።

"ሌላ ቦታ ሄደው ነበር?"

"የለም" ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

"ታዲያ... ማነው የሰፋዎት?" መቀሱን አነሳች። "እኔ በጥቁር ክር ሰፍቼ አላውቅም።"

ቆረጠችው። ጠርሙስ ውስጥ ከታ ስትሰጠኝ ዓይኔን አላየችም።

እቤት ስገባ ስልኬ ጮኸ። የሆስፒታሉ ነርስ ናት። "የሚመጣ ሰው ካለ ዛሬ ይምጣ" ብላ ዘጋችው።

ያኔ አንድ ብልሃት መጣልኝ። የማልኩት ካፌ እንዳይወጣ ነው። በእጄ አልጽፍም ብዬ አልማልኩም! ቁጭ ብዬ ደብተሩ ላይ ሁሉንም ጻፍኩት። ማን እንደወለደቻት፣ የት እንደተኛች፣ የክፍሉን ቁጥር ሳይቀር። እማዬን የረታኋት መስሎኝ ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ፊቴን ልታጠብ ሄድኩ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ስመለስ ደብተሩ ተዘግቷል።

ልከፍተው ሳብኩት። እምቢ አለ። ገጾቹ በሦስቱም ጠርዝ ተሰፍተዋል። ጥቁር ክር... ደቃቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ያማረ የእጅ ስፌት። ጥጉ ላይ ጅራቱ ተንጠልጥሏል።

በሩ ተከፈተ። እህቴ ከሥራ ገባች።

"ምንድነው ይኼ? ማነው የሰፋው?"

ምን ልበላት? ልተወው ብዬ ነበር። ደብተሩን እሳት ውስጥ ልክተተው፣ እንገላገል ብዬ ነበር። ግን ያቺ ሴት አልጋ ላይ ሆና በር በሩን እያየች ነው። ከመሳቢያ የእማዬን መቀስ አውጥቼ ሰጠኋት።

ክሩን በጠሰችው። አነበበች። ቁጭ አለች። እንደገና አነበበች።

እኔ እጄን እያፍተለተልኩ ቆሜያለሁ። ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ በወደድኩ።

"እትዬ..." አለች ቀስ ብላ። "እማዬ እኮ..."

ንግግሯን አቋረጠች። እጇን ወደ አፏ ሰደደች።

"ምን ሆንሽ?"

"ወጋኝ።"

ስልኬ ጮኸ። የሆስፒታሉ ቁጥር ነው። አንስቼ ድምፁን ከፍ አደረግሁና ወደ እህቴ ዘረጋሁላት።

"ልጄ...? አንቺ ነሽ?"

እህቴ እንባዋ ይወርዳል። ልትመልስ ፈለገች፤ ጉንጮቿ ሲወጣጠሩ አያለሁ። ከንፈሮቿ ግን አልተላቀቁም። በዓይኗ ለመነችኝ።

"አለች! አጠገቤ ናት፣ ትሰማሻለች!" ልል አፌን ከፈትኩ... እኔንም ወጋኝ። ድምፄ ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረ።

"ልጄ... ድምፅሽን ብቻ..."

ተንበርክኬ በጣቴ የእህቴን የታች ከንፈር ገለጥኩ።

ምላጭ ነክቶት የማያውቀው ወፍራም ድዷ... ከጥግ እስከ ጥግ ከከንፈሯ ጋር ተሰፍቷል። ጥቁር። ደቃቅ። ቀጥ ያለ።

ስልኩ ውስጥ ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ አይሰማም።

የመጨረሻው ቋጠሮ ገና አልጠበቀም ነበር። ጅራቱ በፀሐዩ ብርሃን ውስጥ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ተወጠረ... ማንም ሳይነካው፣ ቀስ እያለ ተሳበ።