የእርቁ ቀን ቦሎኛ ነበርኩ

እኔ መቼም እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር «መኪናዬን ላሙቅ» ብዬ ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ሕልም አላስፈታ፣ ጠንቋይ አላውቅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ስነዳ ስንቱን ዓይነት ሰው አሳፍሬ አንድም ቀን የሚያስደነግጥ ነገር አላየሁም፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ «እንቅልፍ አጥቶ ነው» ብዬ አልፈው ነበር። እናንተም እንደዚያ ብትሉኝ አልቀየምም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

መጀመሪያ ስለ ታላቅ ወንድሜ ስለ አበራ ልንገራችሁ። እኔ ጋሼ ነው የምለው፣ አሳድጎኛል። እኔ ዌስት ሴንት ፖል ብቻዬን ነው የምኖረው፣ እሱ ደግሞ ከሚስቱና ከልጁ ጋር አፕል ቫሊ፣ በመኪና ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው፣ ያቺን ሃያ ደቂቃ ግን ስድስት ዓመት አልነዳኋትም። ምክንያቱ እንዲህ ነው፣ እናታችን አዲስ አበባ ስታርፍ እኔ የልብ ኦፕሬሽን ተደርጌ ገና ሳምንት አልሞላኝም ነበርና ጋሼ «ይደነግጣል፣ ትንሽ ይጠንክር» ብሎ መርዶዬን አቆየው። አሥራ አንድ ቀን። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሊጠይቁኝ የሚመጡት ሁሉ ያውቃሉ፣ ሾርባ ይዘው ይመጣሉ፣ ያጫውቱኛል፣ እኔም እስቃለሁ፣ እንዲያውም አንድ ቀን የእናቴን አነጋገር እያስመሰልኩ ሳስቃቸው ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሬን አንኳኩ።

«ወጉ ነው፣ ላንተው ብሎ ነው» ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ፣ ያላለኝ ሰው የለም። እኔ ግን ያንን ሳቄን ባስታወስኩት ቁጥር ያንገበግበኛል፣ በዚያው ከጋሼ ጋር ተቆራረጥን።

ዘንድሮ ጋሼ ኩላሊቱ ደከመና በሳምንት ሦስት ቀን ደሙን በማሽን ያሳጥብ ጀመር። ይሄኔ ሁላችንንም የሚያስታርቁት አዛውንት፣ ጋሽ ታፈሰ፣ ደወሉልኝ።

«ስማ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንድምህ ቤት ምሳ አለ። ትመጣለህ፣ አንድ ማዕድ ትቀርባላችሁ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ትባባላላችሁ፣ አለቀ።»

«ጋሽ ታፈሰ፣ እሑድ ሥራ ነኝ።»

«ኦፍ ውሰዳ።»

«ሼጁሉ ወጥቷል።»

«ሼጁልህን አልጠየቅኩህም ልጄ። ሰውዬው ደክሟል፣ ነገ ሌላ ነገር ቢሰማ የሚቆጭህ አንተን ነው።»

እሺ አልኩ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና፣ እመኑኝ አፍሬ ነው የምነግራችሁ፣ ያን እሑድ ከሚኒሶታ የሚያርቀኝ በረራ መፈለግ ጀመርኩ። ጣሊያን ዘመድ የለኝ፣ ጉዳይ የለኝ፣ ቀኑ የገጠመልኝ በረራ ቦሎኛ ስለነበር ብቻ ነው የሄድኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ሽማግሌ ሸሽቶ ውቅያኖስ ሲሻገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እሑድ ወደ ማታ ላይ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴትዮ፣ «ዛሬ እራት የት ነህ?» ብላ አንድ ወረቀት ዘረጋችልኝ። ለካ ቦሎኛ እራት ዝም ብሎ አይበላም፣ ይመረጣል፣ አንደኛው ሰው ቤት ሄዶ ከስምንት እንግዳ ጋር ፓስታውን ከሊጡ ጀምሮ አቡክቶ መብላት ነው፣ ሌላው ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት እየዞሩ ቆሞ መቅመስ፣ ሌላው ሰገነት ላይ ሻማ የሚበራበት፣ ሌላው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ከማያውቁት ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ ከአንድ ትሪ መጠቅለል።

«ስንት ሰው ናችሁ?» አለችኝ።

«አንድ።»

ቀና ብላ አየችኝና እስክሪብቶዋን አንስታ የሻማውን ሰረዘችው። ሊጡንም ሰረዘችው። እውነቱን ለመናገር ረጅሙ ጠረጴዛ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን እዚያ «ከየት ነህ? ቤተሰብ አለህ?» መባሉ አይቀርም፣ ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን ጀርባ አራት ጠረጴዛ ብቻ ያላትን ትንሽ ቤት መረጥኩ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ የኛ ሰዎች፣ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ማጠቢያው አጠገብ ቆሜ ከድስቱ ስበላ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ቢያንስ እዚያ ወንበር አለ።

ስገባ በፈረንጅ ሰዓት ከምሽቱ ስምንት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል፣ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ቅንድቡ የሸበተ አስተናጋጅ ግድግዳው ሥር አስቀመጠኝ፣ ሻማ ለኮሰልኝ፣ ቆይቶም ጠፍጣፋ ፓስታ እኛ ሱጎ የምንለውን አልብሶ አመጣልኝ። ሽታው ደስ ይላል። ሹካዬን አነሳሁና፣ እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም፣ «እንብላ» አልኩ።

እንብላ የሚባለው መቼም ለሰው ነው፣ አጠገብ ላለ፣ በበር ለሚያልፍም ቢሆን፣ ቤቴ ብቻዬን ስበላ አንድ ቀን ብዬው አላውቅም። ባዶ ወንበር ፊት ምን ሊሆነኝ አልኩት?

ወዲያው ከኋላዬ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። አንድ ወንበር አይደለም፣ እንግዳ ሲገባ ቤተሰብ ሁሉ ብድግ ሲል የሚሰማውን ድምፅ ታውቃላችሁ፣ እሱን ነው።  ከዚያ ሳል። ሁለት ጊዜ ደረቅ ሳል፣ በመጨረሻ «እህ» የሚል። ያንን ሳል ልጅ ሆኜ ከጋሼ ጋር አንድ አልጋ ላይ ስተኛ ስሰማው ያደግሁት ነው፣ አልሳሳትም።

«ቅረብ» አለ። በአማርኛ።

ሹካውን አስቀምጬ ተነሳሁ። ከግድግዳው ወዲያ ማድ ቤት መስሎኝ በሩን ገፋ አደረግሁት፣ ማድ ቤት ነው፣ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ድስት ታጥባለች፣ ሌላ ሰው የለም፣ ወንበርም የለም። አንድ ደቂቃ ብቆም ነው። ስመለስ አስተናጋጁ የኔን ጠረጴዛ ይጠርጋል። ሳህኔ የለም። ሻማው ጠፍቷል። የሌሎቹ ጠረጴዛዎች ወንበሮች ተገልብጠው ላያቸው ላይ ተሰቅለዋል፣ የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ አልፏል።

«ይቅርታ» አልኩት። አልሰማኝም። ትከሻውን ስነካው ዘሎ ወደ ኋላ አለ፣ ቆይቶም በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ «አንተ ሄደሃል እኮ» አለኝ።

«የት?»

«ተነሳህ፣ ጃኬትህን ለበስክ፣ ሰዎች ይጠብቁኛል ብለኸኝ ወጣህ። በሩን የከፈትኩልህ እኔ ነኝ።»

ጃኬቴን እንደለበስኩ ነው። ስገባ አውልቄ ወንበሩ ላይ ሰቅዬው ነበር፣ ይሄን እርግጠኛ ነኝ። ሆዴ ግን ባዶ ነበር፣ በራብ አንጀቴ ተጣብቆ ሆቴል ገባሁ። ሌሊቱን የጉዞ ድካም ነው፣ የልብ መድኃኒቱ ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና አደርኩ።

ረቡዕ ሚኒያፖሊስ አርፌ ስልኬን ስከፍት የጋሼ የድምፅ መልእክት አለ። በስድስት ዓመት የመጀመሪያው። «ስልክህ አይነሳም፣ በሰላም ገባህ ወይ? እስቲ ደውል» ይላል፣ ድምፁ የሳቀ ሰው ድምፅ ነው። ስለቀረሁ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ፣ ደሜ ፈላ፣ ሻንጣዬን ሳላራግፍ በቀጥታ ወደ አፕል ቫሊ ነዳሁ፣ የሆነው ይሁን ብዬ።

በሩን ራሱ ከፈተ። ከስቷል፣ ፊቱ ግን በርቷል፣ አንገቴን አቅፎ አልለቀቀኝም።

«ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ምን ረስተህ መጣህ?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ስለ እሑዱ…»

«ተወው፣ ተወው፣ የእሑዱ አልቋል። ጋሽ ታፈሰ እንኳ ካንተ ይሄን አልጠበቁም፣ እንባቸው መጣ እኮ።»

ልጁ ሳሮን ከደረጃው ብቅ አለች፣ ትቻት ስሄድ ጡጦ የምትጠባ ነበረች። «አንክል፣ ዩ ዌር ሶ ኳየት» አለችኝ፣ ያን ቀን ዝም ብለህ ነበር ማለቷ ነው፣ ከዚያ የእናቷን ስልክ ልታመጣ ሮጣ ሄደች፣ ያነሳችውን ፎቶ ልታሳየኝ። ፎቶው ላይ ጋሼ አፉን ከፍቷል፣ ከጎን የመጣ እጅ ያጎርሰዋል። የሰውዬውን ፊት የጋሽ ታፈሰ ትከሻ ከልሎታል፣ እጁና ሰዓቱ ብቻ ነው የሚታየው። እጁ የኔ ነው። ሰዓቱም የኔ ይመስላል፣ ስንት ሰዓት እንደሚል ለማየት ሳጎላው ይደበዝዛል። በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ አንድ ላይ ነው የተነሳው፣ ቦሎኛ ስምንት ሲሆን ማለት ነው።

ማኅተም የተመታበት ፓስፖርት ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ «እኔ አልነበርኩም» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ እመኑኝ። ግን ጋሼን አየሁት፣ ሚስቱ እንደነገረችኝ ከእሑድ ወዲህ ምግብ መውሰድ ጀምሯል፣ እንቅልፍም ይተኛል፣ ያንን ከሰውዬው ላይ በምን አንጀቴ ልንጠቀው? ፓስፖርቱን እዚያው ኪሴ ውስጥ ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። እንበላለን፣ እንጫወታለን፣ ማሽኑ ላይ ሲሆንም አጠገቡ እቀመጣለሁ። ከውጭ ለሚያየን የታረቅን ወንድማማቾች ነን። እኔ ግን ሌላ ሰው በተጋበዘበት ቤት በስህተት ገብቼ የተቀመጥኩ እየመሰለኝ ነው የምጎርሰው፣ ቤቴ ብቻዬን ስበላ እንኳ እንደዚህ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ባለፈው ወር ማሽኑ ላይ ሆኖ እጄን ያዘኝና፣ «ያን ቀን ስትወጣ በጆሮዬ ያልከኝን ነገር ማታ ማታ እያሰብኩት ነው የምተኛው፣ እስቲ አንድ ጊዜ ድገምልኝ» አለኝ።

 ምን እንደተባለ በምን አውቄ? ጎንበስ አልኩና አፌን ጆሮው ላይ አድርጌ፣ ስድስት ዓመት ያላልኩትን፣ እዚያ ቁጭ ብዬ ከልቤ የተሰማኝን አልኩት፣ «ጋሼ፣ ይቅር በለኝ፣ ሳቄን ላንተ አሳብቤ ነው፣ ናፍቀኸኝ ነበር» አልኩት። 

ዓይኑን ገልጦ አየኝ። «አይ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ አይደለም ያልከኝ።»

 ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ በሩን ሲከፍትልኝ ይስመኛል፣ ያስገባኛል፣ ቶሎ ግን አይዘጋውም፣ አንገቱን አስግጎ ከኋላዬ ሌላ የሚመጣ ሰው እንዳለ ያያል።